ይቅርታ ያለችው ሹሩባ ሠሪ

ሰው ንጽሕናውን በየዓመቱ ማሳደስ ከጀመረ ቆይቷል። መጀመሪያ ሐኪሞች ነበሩ፤ ማንም አልተቃወመም፤ ሐኪም ንጹሕ ቢሆን ማን ይጠላል። ቀጥሎ አስተማሪዎች ገቡ፣ ቀጥሎ ሞግዚቶች፣ ቀጥሎ በሰው ገላ ላይ እጃቸውን የሚያሳርፉ ሁሉ፦ ወጌሻው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጥፍር ቀቢዋ። የቀሩት በአንድ ማሻሻያ በጅምላ ተጨመሩ። አሁን ሠርግ ላይ የሚዘፍነው፣ የዕድር ጡሩምባ የሚነፋው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ ሽምግልና የሚላከው ሰው ሁሉ ፈቃድ አለው። ፈቃዱ ደግሞ የሚቆመው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ ንጹሕ።

ባለፈቃድ ሁሉ እጁ ላይ የሚናገር አምባር ያስራል፤ የንጹሕ ሰው አምባር አረንጓዴ ነው። መዝገቡ ላይ ነገር ያለበት ሰው አምባር ቢጫ ነው። ቀይ የለም። ቀይ ሰውን ያሸማቅቃል ተብሎ ለሰብአዊነት ሲባል ቀርቷል።

ሶልያና ታምራት ሹሩባ ሠሪ ናት። ሃምሳን ተሻግራለች። በልጅነቷ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሶልያና ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ስሙ የባልቴት ስም ሆኗል። እሷንና የሥራ ባልደረባዋን ሄቨንን የሰፈሩ ልጆች «እማማ ሶልያና»፣ «እማማ ሄቨን» እያሉ ዕቃ ያግዟቸዋል። ወጣቶቹ እነ ዘርፌና እነ በላይነሽ ናቸው። የሶልያናም ልጅ የሺመቤት ትባላለች፤ የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ጥር ላይ ታገባለች።

ለዚህ ሠርግ ሶልያና ስትዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። ድግሱ አይደለም የሚያሳስባት፤ ፀጉሩ ነው። ሳሪስ ውስጥ ያገባች ልጅ ሁሉ በእሷ እጅ አልባሶ ተሠርታ ነው ከቤቷ የወጣችው። የሺ ከአሥራዎቹ ዕድሜዋ ጀምሮ ፀጉሯን መቀስ እንዳታስነካ የተከለከለችው ለዚያ ቀን ሲባል ነው። «ያ ፀጉር የእኔ ነው፤ አንቺ አደራ ተሸክመሽው ነው የምትዞሪው» ትላት ነበር እናቷ።

የሄቨን የውበት ሳሎን በር ጠዋት ጠዋት እጅ ይጠይቃል። ሁለቱ ሴቶች አምባራቸውን ያሳዩታል፣ በሩም «ግቡ፣ ንጹሐን» ብሎ ይከፈታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይስቁበት ነበር። በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ ሶልያና የደንበኛዋን ፀጉር በሁለት እጇ እንደያዘች አምባሯ ተንቀጠቀጠ። አዲስ ማሻሻያ ነው። እንደ ሁልጊዜው «እስማማለሁ» የሚለውን በአገጯ ነካችው። ማሻሻያ አንብቦ የተስማማ ሰው በከተማዋ አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ ፈቃዷን ለማሳደስ ወደ ሙያ ንጽሕና ማዕከል ሄደች። ማዕከሉ ውስጥ የሚያስተናግድ ሰው የለም፤ መስኮቶች ናቸው ያሉት። የመስኮቶቹ ድምፅ የአንዲት ትሕትና የተላበሰች ሴት ድምፅ ስለሆነ ሕዝቡ «እህታችን» ይላታል። ተራዋ ደርሶ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ሶልያና የአንድ ሽማግሌ እግር ረገጠች።

«ውይ፣ ይቅርታ አባባ» አለች።

ሽማግሌው እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አፋቸውን በመሐረባቸው ያዙት።

«የይቅርታ ጥያቄዎ ደርሶናል» አለች እህታችን።

«አይ፣ አንቺን አይደለም የኔ እመቤት። እሳቸውን ረግጫቸው ነው።»

«አሁን ማብራሪያ አያስፈልግም። ዝርዝሩን ለይቅርታ ቦርድ በጽሑፍ ያቀርባሉ። በዛሬው ማሻሻያ መሠረት በመስኮቶቻችን ፊት የሚቀርብ ማንኛውም የቃል የይቅርታ ጥያቄ ተቀባይነት አለው። ዜጎች ለይቅርታ ደጅ መጥናት ቀርቶላቸዋል። እንኳን ደስ አለዎት።»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለች ሶልያና።

«ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ጋር ተያይዟል።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሊረዳት ፈልጎ ይሁን ተራው ዘግይቶበት አልታወቀም።

«እኔ እኮ ምንም አላጠፋሁም» አለች፤ ድምፅዋ መቅጠን ጀምሯል።

«ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ጥፋቱን ያመነ ሰው ነው። ሕጉ ድሮም እንደዚሁ ነው፤ እኛ አልነካነውም። ጥፋቱን ያመነ ሰው ደግሞ ቦርዱ እስኪወስን ንጹሕ አይባልም። ፈቃድዎ ለጊዜው ታግዷል። ቀጣይ።»

ሶልያና ወደ እጇ ስታይ አምባሯ ቢጫ ሆኗል። ሲለወጥ አላየችውም።

በዚያ ሳምንት በከተማዋ ጥፋታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ያመኑ ሰዎች ቁጥር፣ ፍርድ ቤት ከቆመበት ዘመን ጀምሮ ካመኑት ሁሉ በለጠ። ዜናው «የሕሊና መነቃቃት» አለው። በጣም የተጎዱት ጨዋ ቤተሰብ ያሳደጋቸው ናቸው። ጥያቄ ሲጠይቁ «ይቅርታ» ብለው የሚጀምሩ፣ ሲያስነጥሳቸው «ይቅርታ» የሚሉ፣ ሰው ሲገፋቸው ራሳቸው «ይቅርታ» የሚሉ ሁሉ አንድ በአንድ ቢጫ ሆኑ። ስድ አደጎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ።

የሶልያና አምባር በተለወጠ ማግስት የሳሎኑ በር ሄቨንን «ግቢ፣ ንጽሕት» ብሎ አስገባት። ሶልያና ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሄቨን ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች፣ እንደገና ወጣች። ሁለቱ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ናቸው፤ አንዷ ያለ ሌላዋ በር የገባችበትን ቀን ሁለቱም አያስታውሱም።

«እና ምን አልሽ?» አለች ሄቨን።

«እግር ረግጬ እሱን አልኩ።»

«የቱን?»

«እሱን ቃል ነዋ።»

ሄቨን ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ሶልያናን ክንዷን ይዛ ከደረጃው አወረደቻት። «አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም። ስንቴ ነግሬሻለሁ፣ ጨዋነትሽን ቀንሺ ብዬ?»

«መቼ ነው የነገርሽኝ?»

«ልነግርሽ ሳስብ ነበር።»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ መንገድ ላይ ቆመው ተገኙ። ሄቨን ተመልሳ ገባችና የሶልያናን ማበጠሪያና ወስፌዋን በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችላት። ወስፌው የፀጉር መስመር የምታወጣበት ነው፤ እጀታው ከብዙ ጊዜ ጣት የተነሳ መሐሉ ጎድጉዷል።

«ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም» አለች ሄቨን። «ሰው ቢመጣ ተሰብሯል እላለሁ። ይፋጃል እላለሁ። የሆነ ነገር እላለሁ።»

ከዚያ ሌላ ነገር ልትል ፈለገች። ከንፈሯ ቃሉን ያዘው፤ ከጥርሷ ጀርባ ደርሶ ተመለሰ። ሁለቱም አዩት። ሄቨን በመጨረሻ የአንገቷን ቡናማ ሻርፕ ፈትታ የሶልያና አንገት ላይ ጠመጠመችው፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ አስገባችላት፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚላክ።

ቀኑ ሞቃት ነበር።

ከማዕከሉ አጥር ውጭ ጃንጥላዎች አሉ። ለመስኮቶቹ የማይገባ ነገር የገጠማቸው ሰዎች እዚያ ይሰለፋሉ። ከጃንጥላዎቹ በአንዱ ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ባሮክ ይባላል። ሕግ ተመርቋል፤ ጠበቃ ያልሆነው ሰባተኛ ክፍል እያለ የሳይንስ ፈተና ሲኮርጅ ተይዞ ስለነበረ ነው። ማመልከቻ መጻፍ ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው ሙያዎች ውስጥ እስካሁን አልገባም። የተረሳ ይመስላል። እንዳያስታውሱት ብሎ ባሮክ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም።

«ይቅርታውን ባነሳውስ?» አለችው ሶልያና በሳምንቱ።

«ቀስ ይበሉ እትዬ። ማንሳት ይቻላል። ግን ይቅርታውን ያነሳ ሰው፣ ጥፋቱን አምኖ ያልተጸጸተ ሰው ነው። እሱ ሌላ ሕንፃ ነው የሚያስኬደው። ሕንፃው መስኮት የለውም።»

«አላጠፋሁም ብልስ?»

«ለማን?»

ሶልያና ወደ ማዕከሉ አጥር ዞር ብላ አየች።

«አሁን ዋናው ነገር ጥፋት መምረጥ ነው» አለ ባሮክ፣ ብርጭቆ ሻዩን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ መሬት እያስቀመጠ። «ባዶ እንዳይተዉት። ባዶ ከሆነ ስሙ የማይጠራ ነገር ነው ብለው ነው የሚይዙት። ባለፈው አንድ ሰውዬ እንቢ ብሎ ባዶውን ሰጠ። ልጆቹ ሰፈር ቀየሩ።»

«ስድብ እንበል?»

«ስድብ ለሹሩባ አይሆንም። ሰው ጭንቅላቱን ሰጥቶዎት እግርዎ ሥር ተቀምጦ የሚውልበት ሥራ ነው።»

«እሺ ትንሽ ስርቆት» አለች። ቃሉን ስትናገር ራሷን በሻርፑ ሸፈነች።

«የሰው ፀጉር እጅዎ ላይ እያለ ስርቆት? ተዉ እንጂ። ድብደባም አይሆንም፣ እጅ አለበት። ግብርን አያንሱብኝ፤ እሱን ማንም ይቅር ብሎ አያውቅም።» ባሮክ ጃንጥላውን ቀና ብሎ አየ። «ከሰው የራቀ ጥፋት ነው የሚያስፈልገን። እንስሳም የሌለበት። የማይጮኽ፣ የማይከስ ነገር።» ትንሽ ቆይቶ ፊቱ በራ። «ዛፍ።»

«የምን ዛፍ?»

«ባህር ዛፍ። ለባህር ዛፍ የሚያዝን ሰው እስካሁን አላየሁም። ያለ ፈቃድ አንድ ባህር ዛፍ ቆርጠዋል። ወጣት ነበሩ። ብርድ ነበር።»

«እኔ በሕይወቴ ዛፍ ቆርጬ አላውቅም።»

«እኔም በሕይወቴ ጠበቃ ሆኜ አላውቅም» አለ ባሮክ፣ መጻፍ ጀምሮ።

ጽሑፉን ሲያነብላት ጥሩ ነበር። የምታሳዝን ወጣት ሴት ነበረችበት። «ብርድ ከሚል ክረምት ቢል» አለች ሶልያና። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ቀጭን ዛፍ ነበር በልልኝ» አለች። ጣቷን አሳርፋ ስትፈርም ዛፉ ትዝ ሊላት ምንም አልቀረው።

ልትነሳ ስትል ባሮክ በእጁ መለሳት። «አንድ ምክር ልጨምርልዎት። ሰው አዝኖልዎት ይቅር ብዬሻለሁ እንዳይልዎት። ይቅር ማለት የቦርዱ ሥልጣን ነው። ሥልጣን ሳይኖረው ይቅር ያለ ሰው ሥልጣን ነጠቃ ይሆንበታል። አንዲት ነርስ መስኮቱ ፊት ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ በቃ ይቅር ብዬሃለሁ ብላው እጇ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሰውዬው ይቅርታ እንኳ አልጠየቃትም ነበር። የእሱ አረንጓዴ ነው።»

ሽማግሌው ለምን ጣሪያ ጣሪያውን እንዳዩ ሶልያና ያን ጊዜ ገባት። «የኔ ልጅ አስተማሪ ናት» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«እንግዲያው ለእሷም ይንገሯት» አለ ባሮክ።

ነገረቻት። የሺ ሳታቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ሕፃናትን በማስተማር የተገኘ ትዕግሥት ነበራት።

«ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሆንን ልንገርሽ?» አለች በኋላ። «አንዱ ሌላውን ሲመታው ይቅርታ በለው እንላቸው አልነበር? አሁን ደረትህን ያዝ ነው የምንላቸው። ደረታቸውን ይዘው ይተያያሉ። ያመማቸው ነው የሚመስሉት።»

«አንቺም ያዢ እንግዲህ። ደረትሽን እንጂ ሌላ ነገር እንዳትዪ።»

«ፀጉሬስ?»

«ቦርዱ እስከ ጥር ይወስናል።»

«ባይወስንስ? ካንቺ ሌላ ማንም አይነካኝም። ፈትቼው እሄዳለሁ።»

«ፀጉሯን የፈታች ሙሽራ? ለቅሶ መሰለሽ?» አለች ሶልያና። ንግግሩ እዚያ ላይ አበቃ።

በወሩ መጨረሻ ላይ፣ ቃሉን የሚሰሙት መስኮቶች ብቻ መሆናቸው ዜጎችን ያጉላላል ተብሎ አገልግሎቱ ወደ አምባር ወረደ። ከዚያ በኋላ ይቅርታን የትም ቦታ፣ በማንኛውም ሰዓት መጠየቅ ተቻለ። ከተማዋ ጸጥ አለች። ታክሲ ውስጥ ሰው ሰውን ሲረግጥ ረጋጩ ደረቱን ይይዛል፣ ተረጋጩ ጣሪያ ያያል። ባልና ሚስት ሲጣሉ አንዱ ለሌላው ብርቱካን ይገዛል። ብርቱካን ተወደደ።

ሶልያና ቤት ዋለች። እጇ ሥራ ፈትቶ ስለማያውቅ ለሠርጉ የምትለብሰውን ነጠላ ጫፍ መቋጨት ጀመረች፤ ክሩን ለሁለት ከፍላ በጣቷ እያከረረች። ሦስተኛው ቋጭ ላይ አምባሯ ተንቀጠቀጠ።

«የሙያ እንቅስቃሴ ታይቷል» አለች እህታችን። «የእግድ ጊዜዎ አልተጠናቀቀም።»

«ነጠላ ነው የምቋጨው።»

«ፀጉር አለመሆኑን በቀጠሮ ቀርበው ማስረዳት ይችላሉ።»

ነጠላውን አጣጥፋ አስቀመጠችው። አንዱ ጫፉ ተቋጭቶ ሌላው እንደተዘረዘረ ቀረ። ከዚያ በኋላ እጇን ምን እንደምታደርገው ቸገራት። ሰው ሲያናግራት ትቀመጥበታለች። ሄቨን ልትጠይቃት ስትመጣ እጇ ላይ ተቀምጣ አገኘቻትና፣ «እንቁላል እየታቀፍሽ ነው?» አለቻት። በዚያ ቀን ሄቨን ብርቱካን ይዛ ነበር የመጣችው።

ውሳኔው የመጣው የሠርጉ ሳምንት ውስጥ ነው። ሶልያና ዕቃ እያጠበች ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለች እህታችን። «የይቅርታ ቦርዱ ይቅርታ አድርጎልዎታል።»

ሶልያና እጇን ሳታደርቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፀጉሩን በዓይኗ አየችው፤ ከግንባር ወደ ኋላ የሚሄዱትን ቀጫጭን መስመሮች፣ ማጅራት ላይ የሚበተነውን። ወስፌው የት እንዳለ አስታወሰች።

«አምባርዎ ቢጫ እንደሆነ ይቀጥላል» አለች እህታችን።

«ለምን? ይቅርታ ተደርጎልኝ የለም እንዴ?»

«ይቅርታ ቅጣትን ያነሳል እንጂ ጥፋተኝነትን አያነሳም። በተጨማሪም ቦርዱ ምስጋናውን እንድናደርስልዎ ጠይቋል። የቆረጡት ዛፍ ከማዕከላችን ግቢ የጠፋው፣ የከተማዋ የመጨረሻ ባህር ዛፍ መሆኑ ተረጋግጧል። መዝገቡ ለብዙ ዓመታት ሳይዘጋ የቆየ ነበር። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

«እሱ ዛፍ እኮ የለም። ባሮክ ነው የ…» አለችና ቆመች። የባሮክ ሙያ ገና ያልታወሰ መሆኑ ትዝ አላት። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ለቦርዱ ሐሰት ማቅረብዎን እንመዝግብ?»

ሶልያና እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እናመሰግናለን። የሙያ ፈቃድዎን በተመለከተ፣ ጥፋቱ መቁረጥ በመሆኑ ከፀጉር ሥራ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት እንዳለው ታይቷል። ፈቃድዎ ተሰርዟል። በዚህ ሙያ ድጋሚ ማመልከት አይቻልም።»

«ሹሩባ አይቆረጥም» አለች ሶልያና። «ሹሩባ ይሠራል እንጂ አይቆረጥም።»

«አስተያየትዎን እናከብራለን» አለች እህታችን። ውሃው ዕቃው ላይ ይፈስ ነበር።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ዘርፌ የምትባል ባለፈቃድ ሹሩባ ሠሪ መጣች። ሄቨን ናት የላከቻት። ከሙሽራዋ በዕድሜ ታንሳለች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አምባሯ የሰላጣ ቅጠል ይመስላል። የሺ ወለሉ ላይ ትራስ አድርጋ በዘርፌ ጉልበቶች መሐል ተቀመጠች። ሶልያና ከፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ሆነች፣ እጇ ላይ ተቀምጣ። አንገቷ ላይ የሄቨን ሻርፕ አለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አውልቃው አታውቅም። ውጭ ፈቃድ ያላቸው አራት ዘፋኞች ይዘፍናሉ። ሌሎቹ እንግዶች ያጨበጭባሉ፤ ማጨብጨብ ነፃ ነው።

ዘርፌ የመጀመሪያውን መስመር ስታወጣ ወደ ግራ አጋደለችው።

ሶልያና አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ሙያን በቃል ማሳየት ማሠልጠን ነው፤ ማሠልጠንም ፈቃድ አለው። የገዛ ራሷን ጭንቅላት በጥቂቱ ወደ ቀኝ አዘነበለች። የሺ እናቷን እያየች ስለነበረ እሷም አዘነበለች። የዘርፌ ማበጠሪያ ሳታስበው መስመሩን አቃናው። ቀጣዩ ላይ ሶልያና አገጯን ዝቅ አደረገች፤ የሺም ዝቅ አለች። እንዲህ እያሉ ግማሹን ራስ ሠሩት። ዘርፌ፣ «እጄ ዛሬ እንዴት ነው የሰጠኝ?» ብላ ተገረመች።

ጆሮ ግንዱ ላይ ግን ጭንቅላት ማዘንበል አይጠቅምም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው እጅ ማላላት ነው። ዘርፌ ሳበችው። የሺ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንባዋ ወረደ። ዘርፌ ደረቷን በእጇ አንጓ ነካችና ክር ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ሄደች።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሶልያና ከበርጩማው ወርዳ ልጇ አጠገብ ተንበረከከች። እጇን ወደ ቀላው ቦታ ላከችው፤ ሳይደርስ መለሰችው። ልትላት የምትፈልገውን ነገር ሁሉ የያዘ አንድ ቃል ነበር፤ እሱም አይባልም። ያን ጊዜ ሌላ ቃል ትዝ አላት። በልጅነቷ በጣም ያረጁ ሰዎች ሲታረቁ ሲሉት የሰማችው፣ ከዚያ ወዲህ ከማንም አፍ ያልሰማችው ቃል።

«አፉ በይኝ ልጄ» አለች።

ሁለቱም አምባሮቹን አዩ። ጠበቁ። ቢጫው ቢጫ ነበር፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። እህታችን ዝም አለች። አታውቀውም።

«ምን ማለት ነው?» አለች የሺ በሹክሹክታ።

ሶልያና ደረቷን ያዘች። የሺ ገባት። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ቃሉን እንደ አዲስ ከረሜላ በአፏ አገላበጠችው። ሶልያና ልታስቆማት ይገባ ነበር። ግን ያን ፈገግታ እያየች ነበር።

«አፉ ብዬሻለሁ እማዬ» አለች የሺ።

ዘርፌ ክር ይዛ ተመለሰች። የቀረውን ጨረሰች፤ ደህና አድርጋ ጨረሰች። የሺ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሙሽራው ደረሰ፣ ዘፋኞቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እናትና ልጅ ተያይዘው የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አምባሮች አንድ ላይ ተንቀጠቀጡ።

«አዲስ ቃል ተመዝግቧል» አለች እህታችን ከሁለቱም እጅ በአንድ ጊዜ። «ለቋንቋችን መበልጸግ ስላደረጉት አስተዋጽዖ እናመሰግናለን። ትርጉሙ ከተሰጠው ምላሽ ተረጋግጧል።»

በነጩ እጅጌ ሥር፣ ጥለቱ ከሚያልቅበት አለፍ ብሎ፣ የየሺ አምባር ቢጫ ሆነ። የሕፃናቱ አስተማሪ የገዛ እጇን አየችው። ሙሽራው ምንም አልገባውም ነበርና ፈገግ እንዳለ ቆሟል። ዘፋኞቹ አይተዋል፤ መዝፈናቸውን አላቆሙም፣ ዓይናቸውን ግን ወደ ሰማይ አደረጉ።

ሶልያና ልጇን ምን እንዳደረገቻት ገባት። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚባል ቃል አለ። እስከ ዛሬ ጠዋት ሌላም ነበር፤ አሁን ሁለቱም አይባሉም።

የአንገቷን ቡናማ ሻርፕ ፈታች። በሙሽራ ልብሷ ላይ፣ ባዲሱ ሹሩባ ሥር፣ የልጇ አንገት ላይ ጠመጠመችው፤ ጫፉንም ወደ ውስጥ አስገባችላት። ከቀሚሱ ጋር አይሄድም ነበር። የሺ አላወለቀችውም።

የጥር ፀሐይ ያቃጥል ነበር።